እባቡ ጥሎት የሄደው ቆዳ ምን ይነግረናል?

በቁንዝላ ክረምት ወጥቶ ቤት ሲጠረግ፣ የማገዶ ክምር ሲነሳና ጎተራ ለአዲስ እህል ሲዘጋጅ ከአንዱ ጥግ የእባብ ቆዳ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። ስስ፣ ነጣ ያለ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው። ያገኘው ልጅ ከሆነ ጮሆ ይሮጣል፤ አያት ከሆኑ አማትበው በበትር ጫፍ ያነሱታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጎረምሶች ዱላና ገጀራ ይዘው የግድግዳውን ሥር ይምሳሉ፤ ልጆቹ አክስታቸው ቤት እንዲያድሩ ይላካሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ቆዳውን ያየማ እንዴት አይደነግጥ!

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ፣ በጣና ዳርም ሆነ በምዕራቡ ቆላ፣ ይህንን ቆዳ በፌስታል ቋጥረው ያመጡልኝን ሰዎች ቁጥር አላስታውስም። ሰዉ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ የማያውቀው የለም ብሎ ስለሚያምን ይመስለኛል። ጡረታ ወጥቼ ቁንዝላ ከተቀመጥኩ በኋላም አልቀረልኝም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "መርዘኛ ነው ወይስ አይደለም?"

መልሱ ቆዳው ላይ በከፊል ተጽፏል። ሰው ከሚገምተው በላይ ይናገራል፤ ሰው ከሚመኘው ደግሞ ያነሰ ነው። ሁለቱንም ለይቶ ማወቅ ልጅ ላለበት ቤት ትልቅ ነገር ነው።

በመጀመሪያ እባብ ለምን ቆዳውን ይጥላል? አርጅቶ ወይም ታምሞ አይደለም። የእኛ ቆዳ በየቀኑ በዓይን በማይታይ ብናኝ ይረግፋል፤ የእባብ የላይኛው ሽፋን ግን አብሮት ስለማያድግ በአንድ ጊዜ ይወልቃል። በማደግ ላይ ያለ ትንሽ እባብ ቶሎ ቶሎ ይጥላል፤ ትልቁ አልፎ አልፎ። ከመጣሉ ከቀናት በፊት ዓይኑ ይደፈርሳል፤ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። በዚያ ጊዜ በደንብ ስለማያይ ይደበቃል፣ ቢነኩትም ቶሎ ይቆጣል። ቀጥሎ ዓይኑ ይጠራል። ከጥቂት ቀን በኋላ አፍንጫውን ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ያሻሽና ከከንፈሩ ጀምሮ ቆዳውን እንደ ካልሲ እየገለበጠ ይወጣል። ስለዚህ በእጃችሁ የገባው ቆዳ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ወደ ውጭ የዞረ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት አያት ቆዳውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ።

"እማማ፣ ይህንን የት አገኙት?" አልኳቸው።

"ከልጆቹ መኝታ ሥር ነው ልጄ። ነጭ እባብ ነው ገብቶብን የከረመው።"

ነጭ እባብ አልነበረም። ቀለሙ የሚገኘው ከሥር ባለው ሕያው ቆዳ ላይ ነው፤ እባቡ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ጥሎት የሚሄደው ሽፋን የማንኛውም እባብ ቢሆን ነጣ ያለና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ጠቆር ያለ ጌጥ ያለው እባብ ከሆነ ጥላው በስሱ ሊቀር ይችላል። ወደ መስኮት አንስታችሁ በብርሃን ብታዩት ይታያል።

ርዝመቱም ያታልላል። ቆዳው ሲወልቅ ይለጠጣልና ከባለቤቱ ይረዝማል። ሜትር ከስንዝር ያህል ቆዳ አግኝቶ "ሁለት ሜትር እባብ" ብሎ ሰፈር የሚያሸብር ጎረምሳ በየመንደሩ አይጠፋም። ለነገሩ በገበያ ቀን ሦስት ሜትር ይደርሳል።

አሁን ቆዳውን እናንብበው። ደርቆ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጊዜ ብትነክሩት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በትሪ ላይ ይዘረጋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የእባብ ነው ወይ የሚለው ነው፤ እንሽላሊትም አርጃኖም ቆዳ ይጥላሉና። የእነሱ አብዛኛውን ጊዜ በቁርጥራጭ ይወልቃል፤ የእግር ቦታም ይኖረዋል። ከሁሉ የሚለየው ግን ሆድ ነው። የእባብ ሆድ ከአንገት እስከ ጅራት ሥር እንደ መሰላል እርከን በተደረደሩ ሰፋፊ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የእንሽላሊት ሆድ እንዲህ አይደለም፤ ትንንሽ ቅርፊቶች ጎን ለጎን ተደርድረውበት ታያላችሁ። ዓይኑም አለ። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚጠብቀው እንደ ሰዓት መስታወት ያለ ግልጽ ቅርፊት ነው፤ እሱም አብሮ ይወልቃል። ጭንቅላቱ ሳይቀደድ ከተገኘ ሁለቱ ክብ መስታወቶች በቦታቸው ናቸው። ልጆች ይህንን ሲያዩ ፍርሃታቸውን ይረሳሉ፤ የልጅ ልጆቼም መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ዋናው መጽሐፍ ጭንቅላቱ ነው። እፉኝት፣ ፈረንጆቹ ፓፍ አደር የሚሏት ወፍራሟና አጭሯ፣ የጭንቅላቷ አናት እንደ ጀርባዋ ሁሉ በትንንሽ፣ ሸካራና ተደራራቢ ቅርፊቶች የተሞላ ነው። የተረጨ እህል ይመስላል። ኮብራና አብዛኞቹ መርዝ የሌላቸው እባቦች ግን በአናታቸው ላይ እንደ ወለል ንጣፍ የተገጣጠሙ ጥቂት ትልልቅ ሰሌዳዎች አሏቸው፤ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ናቸው። በጣና ዳር በደንገሉ ውስጥ የሚገኘው ዘንዶ ደግሞ በከንፈሩ ቅርፊቶች ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት፤ የሚበላውን እንስሳ ሙቀት የሚለይባቸው ናቸው።

ቀጥሎ ጀርባው ነው። ጣታችሁን ከጅራት ወደ ራስ ስትጎትቱ ቢሻክር እያንዳንዱ ቅርፊት መሐሉ ላይ ቀጭን ሸንተረር አለው ማለት ነው። እፉኝት እንደዚህ ናት። የኮብራና በየቤቱ አይጥ ፍለጋ የሚገባው የቤት እባብ ቆዳ ግን ልሙጥ ነው። መቁጠር ለሚወድ ሰው ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። በሰውነቱ መካከል፣ የሆዱን ሰፋፊ ቅርፊቶች ትቶ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን በአግድም ሲቆጠር እፉኝት ከ29 እስከ 41 ረድፍ አላት። ኮብራ 20 ገደማ ነው። ዘንዶ ከ70 ያልፋል፤ ያን ያህል የቆጠረ ሰው መነጽር ያስፈልገዋል።

ሻካራ ሁሉ እፉኝት አይደለም። ከእንቁላል በቀር ሌላ ነገር የማይበላ፣ ጥርስ የሌለው ሊባል የሚችል እባብ በአገራችን አለ። እሱም ቆዳው ሻካራ ነው፤ ሲቆጣም እፉኝት ለመምሰል ይሞክራል። ጭንቅላቱን ብታዩ ግን ትልልቆቹ ሰሌዳዎች አሉት። ከዶሮ ቤት አጠገብ ሻካራ ቆዳ ካገኛችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት አናቱን እዩ።

በዚህ ዘመን ልጆቻችን ስልካቸውን ከፍተው መልስ ያመጣሉ። አንድ ወጣት "ከጅራቱ በታች ያሉት ቅርፊቶች በአንድ ረድፍ ከሆኑ መርዘኛ፣ በሁለት ረድፍ ከሆኑ ሰላማዊ" የሚል ጽሑፍ አሳየኝ። ይህ መመሪያ ለአሜሪካ እባቦች የተጻፈ ነው፤ እዚያም ቢሆን ለሁሉም አይሠራም። የእኛ እፉኝትና ኮብራ ሁለቱም ከጅራታቸው በታች ሁለት ረድፍ ናቸው። ስለዚህ ያንን የሚከተል ሰው በእኛ አገር ሁለቱንም አደገኞች "ሰላማዊ" ብሎ ያልፋቸዋል። ስልኩን አልከስም፤ አገሩን ሳይጠይቁ ማንበቡ ነው ጥፋቱ።

ልሙጥ ቆዳና በአናቱ ትልልቅ ሰሌዳ ያለው ከተገኘስ? እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን። ኮብራም የቤት እባብም እንዲህ ናቸው። ባለሙያዎች የሚለዩት በአፍንጫው ቅርፊትና ከዓይኑ ፊት ባለው ቅርፊት መካከል ሌላ ትንሽ ቅርፊት መኖር አለመኖሩን አይተው ነው። የቤት እባብ አለው፤ ኮብራ የለውም። ነገር ግን የተቀደደና የተጨማደደ ቆዳ ላይ ይህንን ማየት በማጉያ መነጽርም ያስቸግራል። በዚያ ላይ በአፍሪካ ብዙ አገሮች፣ በእኛም ጭምር፣ መሬት ውስጥ የሚኖር ጥቁር፣ አጭርና የሚያብለጨልጭ እባብ አለ። ቆዳው ልሙጥ፣ አናቱም ባለ ሰሌዳ ነው፤ ነገር ግን መርዘኛ ነው። አንገቱን ከኋላ ይዘው "ያዝኩት" ሲሉት እንኳ የመርዝ ጥርሱን ወደ ጎን አውጥቶ ይወጋል። ስለዚህ "እፉኝት ናት" ብሎ ከቆዳ መናገር ይቻላል፤ "ምንም አያደርግም" ብሎ መናገር ግን የቤተሰብ ሥራ አይደለም።

በጥልቀት ማወቅ ለሚፈልግ ማልኮልም ላርገንና ስቴፈን ስፖልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ እንቁራሪቶችና ተሳቢ እንስሳት መጽሐፍ አለ፤ ዓይነቶቹን የሚለየው እንዲሁ በቅርፊት ቁጥርና አቀማመጥ ጭምር ነው። ተመራማሪዎች ዛሬ ከደረቅ ቆዳ ላይ እንኳ ዲኤንኤ አውጥተው ዝርያውን ይለያሉ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ቆላ በምሠራበት ዘመን አንድ ረፋድ ላይ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጅ አባቱ አዝለውት ገቡ። ከድንጋይ ካብ ሥር እጁን ሲያስገባ ነድፎታል። እባቡን ያየው ሰው የለም። ዘመድ ተሰብስቦ ካቡን አፍርሶ ሲፈልግ ከሁለት ሰዓት በላይ አልፏል፤ በመጨረሻ ያገኙት ቆዳ ብቻ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ቆዳውን አይተው "ይህ አይጥ የሚበላው ነው፤ አትጨነቁ" ብለዋል። ቆዳውን አየሁት። ልሙጥ ነው፤ አናቱ ባለ ሰሌዳ ነው፤ በተለይ ጎኑ ደህና ስለነበረ ያቺ ትንሽ ቅርፊትም በቦታዋ ነበረች። ሰውየው በትክክል አንብበዋል፤ የቤት እባብ ነበር። ነገር ግን ቆዳው በጣት ሲነካ የሚፈርስ፣ አቧራ የጠጣ፣ የቆየ ነበር። የልጁ እጅ ደግሞ እስከ ክርኑ አብጧል፤ ድዱም መድማት ጀምሯል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የምናደርገው ቀላል ምርመራ አለ። 2 ሚሊ ሊትር ደም ተቀድቶ በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ይቀመጣል፤ ለ20 ደቂቃ አይነካም። ከዚያ ቱቦው ዘንበል ይደረጋል። ጤነኛ ደም እንደ ጄሊ ረግቶ ይቆያል። የልጁ ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ። መርዙ ደሙ እንዳይረጋ አድርጎታል ማለት ነው። አባትየው "እሱ እኮ ምንም አያደርግም ተብሏል፤ ሳይመሽ ልመለስ" እያሉኝ ነበር። ቱቦውን ደግሜ አዘንብዬ አሳየኋቸው። አዩና ዝም አሉ። ልጁ በመኪና ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ የመርዝ ማርከሻ አግኝቶ ከቀናት በኋላ በእግሩ እየሄደ ተመለሰ።

ካቡ ሥር የቤት እባብ ቆዳውን ጥሎ ሄዷል፤ በሌላ ቀን ሌላ እባብ ገብቶበታል። አንድ ጉድጓድ ብዙ ተከራይ አለው። ቆዳው ባለቤቱ ማን እንደነበር ይናገራል፤ ማን እንደነደፈ አይናገርም።

ሐኪሙም ቢሆን ሕክምና የሚጀምረው በሕመምተኛው ላይ ከሚያየው ነው፤ ከእብጠቱ፣ ከደሙ፣ ከዓይን ቆብ መውደቅ፣ ከአተነፋፈስ። ለአፍሪካ የሚዘጋጁት ማርከሻዎች ብዙዎቹ ለበርካታ ዓይነት እባብ በአንድ ላይ እንዲያገለግሉ የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ ፋቭ አፍሪክ የተባለው ማርከሻ ለ10 ዓይነት የአፍሪካ እባቦች የሚያገለግል ነበር። ሳኖፊ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረቱን አቆመ፤ የመጨረሻው ምርት የአገልግሎት ጊዜም በ2016 አለቀ። ትርፍ የሌለው መድኃኒት ነው፤ በእባብ የሚነደፈው በብዛት ደሃ ገበሬና ልጁ ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ድርጅቱ እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ይነደፋል፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆነው ይሞታል። አካላቸውን የሚያጡት ደግሞ ከዚህ ይበዛሉ።

ይህ ለቁንዝላ ወላጅ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከደጋና ከወይና ደጋው ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ ያድራል። በምዕራብ አርማጭሆ አብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ጎን ለጎን ሲያክሙ የኖሩት ለዚህ ነው። ልጃችሁ ሊወርድ ሲነሳ ከስንቁ ጋር ቦት ጫማና ባትሪ አስይዙት፤ ብትችሉ አጎበርም።

ሰው ከተነደፈ እባቡንም ቆዳውንም ፍለጋ አትሂዱ። ሁለተኛ ሰው የሚነደፈው በፍለጋው ነው። ቀለበት፣ አምባር፣ አልቦ ካለ ከማበጡ በፊት አውልቁ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ወይም በሸምበቆ ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ሰውየውን አታስኬዱት፤ በቃሬዛ፣ በባጃጅ፣ በተገኘው ነገር ተሸክማችሁ ውሰዱት። የተነደፈበትን ሰዓት ያዙ። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ መተኮስ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት ሁሉ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። በእፉኝት ተነድፎ በገመድ ታስሮ የቆየ እግር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ገመድ አያነሳም። ዓይኑ ላይ መርዝ የተተፋበት ካለ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያ ወደ ሕክምና።

ቆዳውስ ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ለቤታችሁ። ቆዳው ለስላሳና ርጥብ ከሆነ እባቡ በቅርቡ የሄደ ነው። በአንድ ቦታ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሁለት ሦስት ቆዳዎች ከተገኙ ቦታውን ለምዶታል። ከዚያ የሚጠየቀው ምን ሊበላ መጣ የሚለው ነው። ከጎተራ ሥር ከሆነ አይጥ አለ፤ ዳጉሳችሁን እየበላ ያለውም እሱ ነው። ከዶሮ ማደሪያ ከሆነ እንቁላልና ጫጩት ነው፤ እንቁላል ለማውጣት እጁን በጨለማ የሚሰድ ልጅ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ባትሪ ይያዝ። የማገዶና የድንጋይ ክምር ከቤት ግድግዳ ይራቅ፤ የግድግዳ ቀዳዳ በጭቃ ይደፈን፤ ሣሩ ይታጨድ። ልጆች በመሬት ላይ ከሚተኙ በአልጋ ወይም በመደብ ላይ ይተኙ፤ ለወባ የተሰጠው አጎበርም ጠርዙ ከፍራሹ ሥር በደንብ ይግባ። የወባ ትንኝን ብቻ ሳይሆን ሌሊት የሚሳበውንም ያግዳል። በቁንዝላ አጎበር ለዓሣ ማጥመጃ የሚያውል ሰው ካለ ይህንን ያንብቡለት።

ቆዳውን መድኃኒት ይሆናል ብሎ በመደርደሪያ ማስቀመጥ አይጠቅምም። ተሳቢ እንስሳት ሆድ የሚያውክ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ይይዛሉና ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት። ትልልቆቹ ልጆች ለሳይንስ ክፍል መውሰድ ከፈለጉ በሁለት ወረቀት መካከል አድርቀው የተገኘበትን ቀንና ቦታ ይጻፉበት። የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቆዳው የተነከረበት ትሪም እንደዚሁ።